የሃይድስቪል ኳኳታ

ጆን ፎክስ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ በዲሴምበር 1847 ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ ሃይድስቪል ወደምትባል መንደር ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃይድስቪል በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ከሮቸስተር ከተማ በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በጣት የሚቆጠሩ ቤቶች ያሏት የገበሬ መንደር ነበረች። ቤተሰቡ የተከራየው የእንጨት ቤት ጠባብ ነው፤ ቢሆንም የራሳቸው ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ ክረምቱን ይገፉበታል። ትልልቆቹ ልጆች ጎጆ ወጥተዋል። ከወላጆቻቸው ጋር የቀሩት የ14 ዓመቷ ማጊና የ11 ዓመቷ ኬት ናቸው።

በእኛ አገር ያኔ ዘመነ መሳፍንት አልተገባደደም፤ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ሊነግሡ ሰባት ዓመት ይቀራቸዋል። ፎክሶች በሚኖሩበት አገር ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ ሰማይ ያቀና ነበር። ጆሴፍ ስሚዝ የሞርሞኖችን መጽሐፍ በ1830 ያሳተመው እዚያው አውራጃ ውስጥ፣ ፓልማይራ ላይ ነው። ዊልያም ሚለር የተባለው ሰባኪ ክርስቶስ ይመጣል ያለበት ኦክቶበር 22 ቀን 1844 አልፎ ብዙ ሺህ ተከታዮቹ አዝነው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ መልእክት ልኳል። በዓይን የማይታይ ሰው ከሩቅ ሆኖ፣ ሽቦ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ እንደሚነጋገር ሕዝቡ አይቷል። እንግዲህ ነገሩ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ኳኳታው የተሰማው በማርች 1848 መጨረሻ ላይ ነው። ማታ ማታ ከግድግዳውና ከወለሉ አንዳንዴ በር እንደሚመታ፣ አንዳንዴም ወንበር እንደሚጎተት ያለ ድምፅ ይመጣል። ሻማ አብርተው ቤቱን ቢያስሱ የሚታይ ነገር የለም። ማርች 31 ቀን፣ ዓርብ፣ እናትየው ማርጋሬት እንቅልፍ በማጣት ዝላ ስለነበር ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሁሉም ጋደም አሉ። ሁለቱ ልጆችም ፈርተው በወላጆቻቸው ክፍል፣ በሌላ አልጋ ተኝተዋል። ወዲያው ኳኳታው ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናትየው ብዙም ሳይቆይ ፈርማ በሰጠችው የምስክርነት ቃል ዘርዝራዋለች። ትንሿ ኬት የማይታየውን አንኳኪ ሰኮናው የተሰነጠቀ ጌታ ብላ፣ ማለትም በዲያብሎስ ስም ጠርታ፣ እኔ እንዳደረግሁ አድርግ አለችውና አጨበጨበች። ባጨበጨበችው ልክ ተመለሰላት። ማጊ በተራዋ እስከ አራት እየቆጠረች ብታጨበጭብ አራት ጊዜ ተመታ። ኬት ይኼኔ ነገ እኮ ኤፕሪል 1 ነው፣ የማሞኛ ቀን ስለሆነ አንድ ሰው ሊያሞኘን ይሆናል አለች። ንግግሯን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

እናትየው ባዕድ ሰው ሊመልሰው የማይችል ፈተና አሰበች። የልጆቼን ዕድሜ በተራ ንገረኝ አለችው። ኳኳታው የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ እየመታ፣ በመካከሉም ፋታ እየሰጠ፣ ስድስቱን በትክክል ቆጠረ። ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መታ። በሦስት ዓመቱ የሞተው የመጨረሻ ልጇ ዕድሜ ነበር።

ያንን ቁጥር ባዕድ አያውቀውም፤ በዚያው ክፍል አልጋ ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ግን አሳምረው ያውቁታል። እናትየው ወደ ግድግዳው እንጂ ወደ ልጆቿ አልዞረችም። ሰው ነህ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ዝም አለ። መንፈስ ከሆንክ ሁለት ጊዜ ምታ አለች፤ ሁለት ጊዜ ተመታ። በጥያቄና በኳኳታ እየተገፋ ታሪኩ ተዘረዘረ፦ ዕድሜው 31 የሆነ፣ አምስት ልጆች ያሉት ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ተገድሎ ምድር ቤት ተቀብሯል።

ባል ጎረቤት ጠራ። መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ሬድፊልድ በልጆቹ ልትስቅ ነበር የገባችው፤ ልጆቹ ከፍርሃት የተነሣ ክው ብለው ስታያቸውና የራሷ ዕድሜ በኳኳታ ሲቆጠርላት ሳቋ ጠፋ። ዊልያም ዱስለር የተባለው ጎረቤት ደግሞ ጠያቂነቱን ተረክቦ እስከ ሌሊት ሲመረምር አመሸ። ሟቹ ሱቅ በደረቴ ነጋዴ እንደነበረ፣ በገንዘቡ ምክንያት በቢላዋ እንደታረደ፣ ግድያው ከአምስት ዓመት በፊት እንደተፈጸመ የተነገረው በዚህ መንገድ ነው። የጠያቂው ሥራ መገመት፣ የኳኳታው ሥራ አዎን ማለት ነበር። በነጋታው ቅዳሜ 300 የሚያህል ሰው ቤቱን ከበበ። ወንዶቹ ምድር ቤቱን መቆፈር ቢጀምሩም ውኃ ፈልቆ አስቆማቸው። ከዓመታት በፊት በዚያ ቤት ይኖር የነበረ አንድ ሰው ገዳይ ነው ተብሎ በሐሜት ተወነጀለ፤ የሚያውቁት ሰዎች ስለ መልካም ጠባዩ ፈርመው ወረቀት እስኪሰጡት ድረስ ተቸገረ። የመናፍስት ነገር የመጀመሪያ ጉዳተኛ በሕይወት ያለ ሰው መሆኑ ነው።

ነገሩ በመንደር ሐሜት ተጀምሮ በሐሜት ያልቅ ነበር፤ ያተረፈው የታላቂቱ እኅት የሊያ መምጣት ነው። ሊያ በሮቸስተር ሙዚቃ እያስተማረች፣ ያለ ባል ልጅ የምታሳድግ፣ ከማጊ በሃያ ዓመት ገደማ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ወሬውን ሰምታ መጣችና ኬትን ይዛ ተመለሰች። ኳኳታውም አብሮ ሮቸስተር ገባ። ቤቱ ብቻ የተረገመ ቢሆን ኖሮ ድምፁ እዚያው ይቀር ነበር። ልጅቷን ተከትሎ መሄዱ ጥርጣሬ ማንሣት ሲገባው፣ ልጆቹ የተመረጡ ናቸው የሚል እምነት ወለደ።

በሮቸስተር መጀመሪያ የተቀበሏቸው አይዛክና ኤሚ ፖስት ናቸው። ባልና ሚስቱ በከተማው የተከበሩ፣ የባርነትን ሥርዓት የሚታገሉ፣ ከባርነት ያመለጠው ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ወዳጆች ነበሩ። ኤሚ በዚያው ዓመት በጁላይ ሴኔካ ፎልስ ላይ በተካሄደው የሴቶች መብት ጉባኤ መግለጫውን ከፈረሙት አንዷ ናት። ሞኝ የሚባሉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ልጅ ቀብረዋል። በኳኳታው የልጃቸውን መልእክት ሰሙ፤ አመኑም። አሁን በአዎንና በአይደለም ብቻ መነጋገር ቀርቶ ፊደል እየተጠራ፣ ኳኳታው በተሰማበት ፊደል ላይ እየተቆመ፣ ቃል መልቀም ተጀመረ። የሞርስ ሽቦ ትምህርት እዚህ ገብቶ ሲሠራ ይታያል፤ አማኞቹ ራሳቸው የመናፍስት ቴሌግራፍ ይሉት ነበር።

ኖቬምበር 14 ቀን 1849 ነገሩ ከሳሎን ወጥቶ መድረክ ላይ ወጣ። ኮሪንቲያን ሆል በተባለው የሮቸስተር አዳራሽ 400 የሚያህል ሰው 25 ሳንቲም እየከፈለ ገባ። ተሰብሳቢው ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ መረጠ። የመጀመሪያው ኮሚቴ ማታለያውን ማግኘት አልቻለም። ሁለተኛው ተመረጠ፤ እርሱም አልቻለም። ሦስተኛው ሲመረጥ የተመደቡት ሴቶች እኅትማማቾቹን ልብሳቸውን አስወልቀው ፈተሹ፤ ትራስ ላይ አቆሟቸው፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ከቁርጭምጭሚታቸው ጋር በመሐረብ አሰሩት። ኳኳታው ግን ተሰማ። በመጨረሻው ምሽት የተቆጣ ጎረምሳ ርችት እየተኮሰ አዳራሹን አወከው። የሦስት ኮሚቴ አለማወቅ በጋዜጣ ሲወጣ እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ፤ መርማሪው መልሱን አላገኘም ማለት መልሱ መንፈስ ነው ማለት ሆነ።

በ1850 በጋ ሦስቱ እኅትማማቾች ኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮድዌይ ላይ ባለ ሆቴል አርፈው በአንድ ዶላር መግቢያ ሰው ያስተናግዱ ጀመር። ከጎብኚዎቹ መካከል የትሪቢውን ጋዜጣ መሥራችና አዘጋጅ ሆራስ ግሪሊ አለ። ግሪሊ በብዕሩ መንግሥት የሚያስደነግጥ ሰው ነበር። ከዓመት በፊት ግን የአምስት ዓመት ወንድ ልጁን ኮሌራ ነጥቆታል። እርሱና ሚስቱ እኅትማማቾቹን ቤታቸው አስገቡ፤ ጋዜጣውም ስለ ቅንነታቸው ጻፈላቸው። ደራሲው ጄምስ ፌኒሞር ኩፐርም አንድ ምሽት ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ቀርቦ ስለ አንዲት የሞተች ዘመዱ በልቡ አስቦ ጠየቀ። ኳኳታው እኅቱ እንደሆነች፣ ከ50 ዓመት በፊት እንደሞተች፣ ከፈረስ ወድቃ እንደሞተች መለሰ። ሁሉም ትክክል ነበር። ጥያቄ የሚያቀርበው ሰው ድምፁ፣ ፊቱና ትንፋሹ መልሱን እንደሚያሳብቅ ዛሬ የአእምሮ ጥናት ባለሙያዎች ያውቁታል። ያን ማታ በክፍሉ ከነበሩት ግን ብዙዎቹ ተደንቀው ወጡ።

ምላሹ በፌብሩዋሪ 1851 ከቡፋሎ መጣ። ኦስቲን ፍሊንት፣ ቻርልስ ሊና ሲ. ቢ. ኮቨንትሪ የተባሉ ሦስት የሕክምና መምህራን ማጊንና ሊያን አስቀምጠው ተመለከቱ፤ ድምፁ ከአጥንት መገጣጠሚያ፣ በተለይም ከጉልበት ይወጣል ብለው ጻፉ። እግራቸውን ዘርግተው ተረከዛቸው ብቻ ትራስ እንዲነካ ሲያደርጓቸው መናፍስቱ ዝም አሉ። ጉልበታቸውን ሲለቋቸው መናፍስቱ ተመለሱ። በዚያው ዓመት በፀደይ አንዲት የቤተሰቡ አማች ኬት በእግር ጣት እንዴት እንደሚንኳኳ አሳይታኛለች ስትል ቃሏን ሰጠች። እንግዲህ እንቆቅልሹ በተጀመረ በሦስት ዓመቱ መፍቻው በጋዜጣ ታትሞ ነበር። ያነበበው ብዙ ነው፤ የተቀበለው ጥቂት።

በዚያ ወቅት ነገሩ ከእኅትማማቾቹ እጅ ወጥቶ የሁሉም ሆኗል። መናፍስት ጠሪዎች በየከተማው ተነሡ። በ1852 ነገሩ እንግሊዝ ተሻገረ። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው፣ እጃቸውን አስቀምጠው ሲጠብቁ ጠረጴዛው ይሽከረከር ጀመር። በ1853 ማይክል ፋራዴይ፣ የኤሌክትሪክ ሳይንስ ታላቅ ሰው፣ በተቀማጮቹ እጆችና በጠረጴዛው መካከል የሚንሸራተቱ ካርቶኖች አኖረና ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው እጅ እንደሆነ አሳየ፤ ሰዎቹ ሳያውቁት ራሳቸው ይገፉታል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ በስደት በሚኖርበት በጀርዚ ደሴት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ከአሥር ዓመት በፊት ትልቋ ልጁ ሊዮፖልዲን በ19 ዓመቷ ሴን ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞታለች። መጀመሪያ የመጣችለት እርሷ ነበረች። ከሃይድስቪል እናት እስከ ሁጎ ያሉትን ጠያቂዎች በተራ ብናሰልፋቸው ብዙዎቹ ልጅ የቀበሩ ናቸው።

ማጊ ራሷ ከዚህ ሥራ ልትወጣ ሞክራለች። በ1852 ፊላደልፊያ ላይ ኤሊሻ ኬንት ኬን ከሚባል ዝነኛ የሰሜን ዋልታ አሳሽ ጋር ተዋወቀች። ኬን ሥራዋን ማታለል እንደሆነ አድርጎ ያየው ነበር፤ እንድትተወውና ትምህርት ቤት እንድትገባ ወተወታት። የኬን ቤተሰብ የተከበረ ስለነበር የሁለቱ ትዳር በይፋ ሳይፈጸም ቀረ። ኬን በ1857 ሃቫና ውስጥ ሞተ። ማጊ ሚስቱ ነበርኩ አለች፤ የኬንን ስም ይዛም ኖረች፤ ካቶሊክ ሆና መናፍስት መጥራቱን አቆመች። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ከኳኳታ በቀር የምታውቀው ሙያ አልነበራትም፤ ተመለሰች። ሁለቱም ታናናሽ እኅቶች በመጠጥ ተጠምደዋል። ሊያ ሀብታም አግብታ በደህና ትኖራለች።

ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 በላይ ወታደር አለቀ። ብዙው ሬሳው እንኳ ለቤተሰቡ አልደረሰም። ዋይት ሐውስ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ የአብርሃም ሊንከን ሚስት ሜሪ ሊንከን በፌብሩዋሪ 1862 የ11 ዓመት ልጇን ዊሊን በበሽታ ካጣች በኋላ መናፍስት ጠሪዎችን ታስጠራ ነበር። በሐዘኑ ላይ ንግድ ተከፈተ። ዊልያም መምለር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ፎቶ ከሚነሣው ሰው ኋላ የሟች ዘመድ ጥላ የሚታይበት ፎቶ እየሸጠ ከበረ። በ1869 ኒው ዮርክ ላይ በማጭበርበር ቢከሰስም ማስረጃ አልበቃም ተብሎ ተለቀቀ። ሜሪ ሊንከን ባሏ ከተገደለ በኋላ መምለር ዘንድ ሄዳ የተነሣችው ፎቶ፣ የአብርሃም ሊንከን መንፈስ ነው የተባለው ጥላ ትከሻዋን ይዞ እንደቆመ፣ እስከ ዛሬ አለ።

የተማረው ሰውም አልዳነም። ኬት በ1871 እንግሊዝ ሄዳ በዓመቱ ጠበቃ አገባች። ታሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው ኬሚስት ዊልያም ክሩክስ መረመራትና በ1874 ምስክርነቱን አሳተመ፤ እጇን ባሳረፈችበት ነገር ሁሉ፣ በሕያው ዛፍ ግንድ፣ በመስታወትና በሽቦ ላይ ሳይቀር፣ ኳኳታው ይሰማል አለ። ማጊ ግን በ1884 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ ኮሚሽን ፊት ቀርባ እንዲህ አልተሳካላትም። በመስታወት ብርጭቆዎች ላይ ሲያቆሟት ኳኳታው አልመጣ አለ። ከመርማሪዎቹ አንዱ እግሯ ላይ እጁን አኑሮ ሲያዳምጥ ምቱ ከእግሯ ውስጥ ሲመጣ ተሰማው።

መጨረሻው በ1888 መጣ። ኬት ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ኒው ዮርክ ትኖር ነበር። በመጠጥዋ ምክንያት ልጆቿ በሕፃናት ጠባቂ ማኅበር ተወሰዱባት። ሁለቱ ታናናሾች ይህን ያስደረገችው ሊያ ናት ብለው ጠረጠሩ። የአርባ ዓመት ምስጢር የፈነዳው በዚህ ቂም ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1888 የማጊ ኑዛዜ በጋዜጣ ወጣ። ያን ማታ በኒው ዮርክ አካዳሚ ኦቭ ሙዚክ ሁለት ሺህ የሚያህል ሰው ፊት ቆመች። ኬት በሰገነት ተቀምጣ ትመለከታለች። ማጊ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ፣ በትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ቆመች። ከታዳሚው የወጡ ሐኪሞች ተንበርክከው የእግሯን አውራ ጣት ያዙ። ኳኳታው ከወለል፣ ከግድግዳ፣ ከጣሪያ የመጣ እስኪመስል ድረስ አዳራሹን ሞላው። ሐኪሞቹ ከጣቷ እንደሚወጣ መሰከሩ።

አጀማመሩንም ተናገረች። ልጆች ሳሉ እናታቸውን ለማስፈራራት ፖም በክር አስረው ማታ ማታ ወለሉ ላይ ያንጥሩት ነበር። ቀጥሎ የጣታቸውን አንጓ፣ በኋላም የእግራቸውን ጣት ማስጮህ ተለማመዱ። ጎረቤት ሲግተለተል ግን መመለሻ ጠፋቸው። የ11ና የ14 ዓመት ልጆች ሦስት መቶ ሰው ምድር ቤት እየቆፈረ ሳለ ቀልድ ነበር ብለው እንዴት ይውጡ? በኋላም ሊያ ነገሩን የቤተሰብ መተዳደሪያ አደረገችው።

ኑዛዜው ግን እምነቱን አልገደለውም። አማኞች ሰካራም ናት፣ ለገንዘብ ነው የተናገረችው አሉ። ለትርዒቱ እንደተከፈላት እውነት ነው። ማጊ ራሷም በዓመቱ፣ በኖቬምበር 1889፣ ኑዛዜዋን ሻረች። ሊያ በ1890፣ ኬት በ1892፣ ማጊ በማርች 1893 ሞቱ። ሁለቱ ታናናሾች የሞቱት በድህነት ነው። ማጊ በተቀበረችበት ዓመት በሴፕቴምበር በቺካጎ የአሜሪካ ስፒሪቹዋሊስቶች (የመናፍስት ጥሪ አማኞች) ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ።

በ1904 የሃይድስቪሉ ምድር ቤት ግድግዳ ፈርሶ አጥንት ተገኘ ተብሎ ጋዜጣ ጻፈ፤ አማኞች ሱቅ በደረቴው ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። በኋላ አጥንቱን ያየ ሐኪም ለአንድ ሰው የማይበቃ፣ የዶሮ አጥንት የተቀላቀለበት ቁርጥራጭ ሆኖ አገኘው። ቤቱ በ1916 ተነቅሎ ሊሊ ዴል ወደሚባለው የስፒሪቹዋሊስቶች መንደር ተጓዘ፤ በ1955 በእሳት ተቃጠለ። በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ትውልድ ሐዘንተኛ አፍርቷል። ፊዚሲስቱ ኦሊቨር ሎጅ በ1915፣ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል በ1918 ልጆቻቸውን አጥተዋል፤ ሁለቱም የመናፍስት ጥሪ ጠበቆች ነበሩ።

የኳኳታውን ምንጭ የእግር ጣት ይፈታዋል። የአድማጩን ብዛት ግን አይፈታውም። እናት በመጀመሪያው ምሽት የሞተ ሕፃኗን ዕድሜ ሰማች፤ ከእርሷ በኋላ የመጡት ፖስቶች፣ ግሪሊ፣ ሁጎ፣ ሜሪ ሊንከንና ሎጅም ያንኑ ሊሰሙ መጡ። ሐዘን ዕውቀትንም፣ ሥልጣንንም፣ ዝናንም አይመርጥም። ስለዚህ ሐዘንተኛን ሞኝ ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ይሁንና ከሙታን ቃል አመጣሁልህ የሚል ሰው ደጃችን ሲቆም፣ በመልሱ ከመደነቃችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጥያቄውን ያቀረበው ማን ነው? መልሱን በክፍሉ ውስጥ ማን ቀድሞ ያውቀዋል? ገንዘቡንስ የሚሰበስበው ማን ነው?